የአፍንጮ በር ጥናት

ገብረክርስቶስ ዕድሜውን የፈጀው፣ ሰው አንድን ነገር ለምን ደጋግሞ እንደሚያደርግ በመመርመር ነው። የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ ሕልምም ስለ ልጅነት ቁስልም አያወራም። "ሰውዬው ምን እንዳሰበ አትንገሩኝ፤ ምን እንዳደረገና የት ሆኖ እንዳደረገው ንገሩኝ" ይላቸው ነበር ተማሪዎቹን። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አንቱ ተብለዋል፤ ባሕር ማዶ ተሻግረው ራሳቸው ፕሮፌሰር የሆኑም አሉ።

ስም ያወጣለት ጥናት ገና በወጣትነቱ አፍንጮ በር ላይ የሠራው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ባሉት አረቄ ቤቶች እየተቀመጠ ጠጪዎቹን ተከታተለ። ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ በሥራም በትዳርም ምክንያት ሰፈር ሲለቁ፣ በሄዱበት እየሄደ ጠየቃቸው። ያገኘው ነገር እሱንም አስገረመው። በሽማግሌ ምክር፣ በጠበል፣ በሚስት እንባ አልተው ያሉት ሰዎች ሰፈር ሲለቁ ብዙዎቹ ያለ ብዙ ትግል አረቄውን ተዉት። ተመልሰው የመጡት ደግሞ ገና ከታክሲ ሲወርዱ ጉሮሯቸው ደረቀ። ስለዚህ ልማድ የሚያድረው በሰውየው ውስጥ ሳይሆን በሚኖርበት ቦታ ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ ውጭ አገር ታተመ። ሱስ የሚያክሙት ጠቀሱት፤ ማረሚያ ቤት የሚያስተዳድሩት ጠቀሱት፤ ኋላ ኋላ ከተማ የሚነድፉትም ጠቀሱት።

በጽሑፉ መጨረሻ ግን ማንም ልብ ያላላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ሰፈር የለቀቁት ሰዎች የተዉት አረቄውን ብቻ አልነበረም። እናታቸውን መጠየቅ፣ ዕድር መውጣት፣ የታመመ ጓደኛ ማየትም ትተው ነበር። አንደኛው ራሱን አጥፍቷል። ጥያቄው ስለ መጠጥ ስለነበር ገብረክርስቶስ ይህንን "ወደፊት ሊጠና የሚገባው ነው" ብሎ አለፈው። ወደፊት ያጠናው ሰው አልተገኘም፤ እሱም ሌላ ሥራ ያዘው።

የሚኖረው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ የእንጨት በረንዳ ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ከሚስቱ ከእፀገነት ጋር ነበር። ልጅ አልወለዱም። እፀገነት የሂሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች በኋላ የመርሳት በሽታ ያዛት። ቀኑን ትረሳለች፤ ምሳ መብላቷን ትረሳለች፤ አንዳንዴ ባሏን በሞተው ወንድሟ ስም ትጠራዋለች። ጠዋት ጠዋት ግን ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። ቁልቁል ወርዳ ሸሪፋ ሱቅ ትገባለች። ሸሪፋ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ የሰፈሩ ሴት ናት፤ በርጩማ ታስጠጋላትና የተደባለቀ የሸሚዝ ቁልፍ በሰፌድ ታቀርብላታለች። እፀገነት በየቀለሙ ትለየዋለች። ከዚያ ተነሥታ እስከ ጊዮርጊስ ትሄድና ተሳልማ ትመለሳለች። ከመንገዷ ካፈነገጠች ጫማ ጠጋኙም፣ ሎተሪ አዟሪውም "እትዬ፣ በዚህ በኩል ነው" ይሏታል። ገብረክርስቶስ አንዳንድ ቀን ራቅ ብሎ እየተከተላት ያያት ነበር። ጭንቅላቷ የጣለውን እግሯ እንደያዘው ገብቶታል።

ሰፈሩ ሊነሣ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ፒያሳ ግማሹ ቀድሞ ስለፈረሰ ማንም አልደነገጠም። ጎረቤቶቹ ግን የተስማሙበት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ መነሣታችን ካልቀረ አብረን እንነሣ የሚል። ይህንን እንድትናገር የተመረጠችው ሸሪፋ ነበረች።

መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዷን ገብረክርስቶስ ያውቃታል። ዶክተር ሊያ ትባላለች፤ ካስተማራቸው ሁሉ እንደ እሷ ጎበዝ አላየም። አሁን የራሷን የማማከር ድርጅት ከፍታለች፤ ስለ ነዋሪው አሰፋፈር ሐሳብ እንድትሰጥ ነው የተጠራችው። ሸሪፋ ተናግራ ስትቀመጥ ሊያ ማይክሮፎኑን ተቀበለች።

"የእህታችን ጥያቄ ይገባኛል" አለች። "ግን አንድ ላይ ስትሄዱ ችግራችሁም አብሯችሁ ይሄዳል። ጫቱም፣ መጠጡም፣ የወጣቱ ሥራ መፍታትም። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ብዙ አገር የተቀበለው ጥናት ነው፤ ጥናቱን የሠሩት ሰው ደግሞ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጠዋል።" እጇን ወደ ገብረክርስቶስ ዘረጋች። "እኔን ለዚህ ያበቁኝ መምህሬ ናቸው።"

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው።

"ፕሮፌሰር፣ ያለችው ልክ ነው?" ሲል ሰብሳቢው ጠየቀው።

ገብረክርስቶስ ተነሣ። እፀገነት ትዝ አለችው። ያቺ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርም ትዝ አለችው። ነገር ግን ያልተጠናን ነገር በሰው ፊት መናገር አልለመደም። በዚያ ላይ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስሙ በአዳራሽ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎታል፤ ደስ እንዳለውም ያውቃል።

"ጥናቱ ልክ ነው" አለ። "ሰፈር ሲለወጥ ልማድ ይሰበራል።"

ተጨበጨበለት። ተቀመጠ።

ሲወጡ ሸሪፋ በሩ አጠገብ ጠበቀችው። "ጋሼ፣ እኛ እኮ እርስዎ ያግዙናል ብለን ነበር።"

"የተጠየቅሁት ስለ ጥናቱ ነው፣ ሸሪፋ።"

"እትዬ እፀገነትስ? እዚያ ማን ያውቃቸዋል?"

"እኔ አለሁ። ቀስ ብዬ አለማምዳታለሁ። ሥራዬም እሱ አይደል?"

ሸሪፋ ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች።

ሰዉ በዕጣ ተበተነ። ሸሪፋ ቤተሰቧን ይዛ ወደ ከተማው አንድ ጫፍ ሄደች፤ ለገብረክርስቶስ በሌላኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ደረጃውም በሩም ያው። እፀገነት ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሰው ቤት ገብታ አልጋ ላይ ተኝታ ተገኘች። ባለቤቶቹ ክፉ አልነበሩም፤ ይዘዋት መጡ። ከዚያ በኋላ ግን በራቸውን መቀርቀር ጀመሩ።

ገብረክርስቶስ የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ ዳቦ ቤቱ እያመላለሰ አስጠናት። በትክክል ስትመለስ ላቦራቶሪ ውስጥ አይጥ ሲያስተምር ያደርግ እንደነበረው ሽልማት ሰጣት፤ ከረሜላ።

"ለምንድን ነው ከረሜላ የምትሰጠኝ?" አለችው አንድ ቀን።

"ልክ ስለሠራሽ።"

"ምኑን?"

"በይ እንደገና እንሂድ" አላት።

"ወደ ቤት እንሂድ።"

"ቤታችን ይሄ ነው፣ እፄ።"

ያን ጊዜ አየችው። ትዳር ከመሠረቱ ጀምሮ አንተ ስትለው የኖረች ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እባክዎ ጌታዬ፣ ይውሰዱኝ፤ ባለቤቴ ይጠብቀኛል" አለችው። እጇ ውስጥ ያለውን ከረሜላም መለሰችለት።

ማስጠናቱን ግን አልተወም። ጎረቤት "በሩን ይቆልፉባቸው" ሲለው እምቢ አለ፤ የተቆለፈበት ፍጡር አዲስ ነገር አይማርም ብሎ ያምናል። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ቀዩ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። የግቢው ጥበቃ አይቷት ነበር። "ነጠላ የለበሱ እናት ሲወጡ አይቻለሁ፤ ለእንግድነት የመጡ መስሎኝ ነው" አለው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አስመዘገበ። ከዚያ ወደ ፒያሳ ሄደች ብሎ በታክሲ ከነፈ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርዶ ሽቅብ ሲያይ ቤታቸው የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። በአጥሩ ዙሪያ እየሄደ ስሟን ጠራ። የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ እያየው ያልፋል፤ አንድም የሚያውቀው ፊት አላገኘም።

በማግሥቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ ክፍቱን በቀረ ቦይ ውስጥ አገኟት። ውሃው ጉልበት አይደርስም ነበር። ወድቃ መነሣት አቅቷት ሌሊቱን እዚያው እንዳደረች ሐኪሙ ነገረው።

ለቅሶው ጭር ያለ ነበር። የሰፈሩ ዕድር ከሰዉ ጋር ተበትኖ ድንኳኑን እንኳን ማን እንደያዘው አልታወቀም። የሰሙት ከያሉበት መጡ፤ ያልሰሙት ቀሩ። ሊያ ጥቁር ለብሳ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። አልቅሳ እንደነበር ዓይኗ ያስታውቃል።

"ሊያ" አላት ሰዉ ሳሳ ሲል። "ጥናቴን በየሥልጠናው ታስተምሪያለሽ አሉ።"

"አዎ ፕሮፌሰር። ክልል ከተሞች ላይም ጀምረናል።"

"ጎደሎ ነው። ሰፈር ሲለወጥ የሚሰበረው መጥፎው ልማድ ብቻ አይደለም። ሰውን አቁሞ የሚያኖረውም ይሰበራል። ይሄንን ጨምሪበት።"

"በምን ማስረጃ ልጨምረው?"

ገብረክርስቶስ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የእፀገነት ፎቶግራፍ አየ።

"ነፍሳቸውን ይማር፤ እኔም እናቴን እንዳጣሁ ነው የምቆጥረው" አለች ሊያ በለሆሳስ። "ግን አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ይሄንን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

ክፋት አልነበረባትም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ይሰጣት ነበር።

አርባው እንዳለፈ ሥራ ጀመረ። የቀድሞ ጎረቤቶቹን ከየተበተኑበት እያፈላለገ አረጋውያኑን ጠየቀ። የት ይሄዱ ነበር፣ አሁን የት ይሄዳሉ፣ ማን ይጠራቸዋል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም የተዉ አሉ። ለመብላት ካልሆነ ከአልጋ የማይወርዱ አሉ። አንዳንዱ ቤት ሲደርስ ሰውየው ሞተው ቤተሰቡ ከል ለብሷል። ያገኘውን ጽፎ ጥናት ለሚያሳትሙ መጽሔቶች ላከ። ከሁሉም የመጣለት መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ የተጠያቂዎቹ ቁጥር ያንሳል፣ አጥኚውም ራሱ የጉዳዩ ባለቤት ነው የሚል። በዚያው ሰሞን ስለ አፍንጮ በሩ ጥናት ንግግር እንዲያደርግ ከውጭ አገር ተጋበዘ። መልስ አልሰጠም።

ተጨማሪ ሰው ሲፈልግ የቀረችው ሸሪፋ ነበረች። እስካሁን የዘለላት ቤቷ ርቆት አይደለም።

ከሕንፃው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አገኛት። ክርና ቁልፍ የለም፤ ብስኩትና ሳሙና ነው የምትሸጠው። አላህ ያጽናዎት ብላ በርጩማ ሰጠችው። የመጣበትን ነገር ሲነግራት ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

"ይሄ የሚጻፈው ለማን ነው ጋሼ?"

"ከእኛ በኋላ ለሚነሡት።"

"ያን ቀን ማይክሮፎኑ እጅዎ ላይ ነበር።"

"አዎ።"

አንድ ደንበኛ መጥቶ ሳሙና ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ሸሪፋ ሱቁን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣችና ወደ ላይ ይዛው ወጣች።

"የባሌ አባት ናቸው፤ አባባ ካሊድ። በድሮው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ይውሉ የነበሩትን ያስታውሷቸዋል። እዚህ ከመጣን ወዲህ አፋቸውን አልከፈቱም። እሳቸውንም ይጻፏቸው።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ገብረክርስቶስ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በስማቸው ጠራቸው። ፊታቸውን አልመለሱም። የሚጽፍበትን ደብተር ወደ ጎን አስቀምጦ እንደገና ጠራቸው።