ሾፌሩና ስምሪት

የሾፌሩ ታላቅ እህት ባዶውን የአረቄ ጠርሙስ ያገኘችው ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ፣ ከልጆቿ የትምህርት ቤት ልብስ ጋር ነበር። አልጮኸችም። ምሳ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለትና ቆማ ጠበቀችው።

«እትዬ፣ የቆየ ነው» አላት።

«የቆየኸውስ አንተ ነህ» አለችው። «ሚስትህ ስታባርርህ አዝኜ አስገባሁህ። አሁን ግን አንጀቴ ቆርጧል። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለው የወጣቶች ማዕከል፣ መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ሰኞ ሰኞ ከሰዓት እየተገናኙ ይመካከራሉ አሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት የነገረችኝ። ወይ እዚያ ትሄዳለህ፣ ወይ ሻንጣህን ታወጣለህ።»

«ከሰካራም ጋር ተቀምጬ ላለቅስ ነው?»

«እስከ ዛሬስ ከማን ጋር ስትቀመጥ ኖርክ?»

ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

ዕድሜውን የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ድሮ ተሳፋሪ ቢሰድበው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፍ ነበር። ከሥራ ከተባረረ ወዲህ ግን ዝንብ ብታርፍበት ጠብ ነው። ሰኞ ማዕከሉ በር ላይ የደረሰውም ፊቱን እንዳጠቆረ ነበር።

«ስብሰባው የት ነው?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀ።

«የቱ ስብሰባ?»

«ያ... የሰኞው።»

ዘበኛው ከእግር እስከ ራሱ ገረመመውና፣ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪሰማ «የጠጪዎቹ ነው?» አለ። «ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።»

በስተግራ ያለውን በር ከፍቶ ሲገባ፣ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች በውሃ መስመር ጉዳይ ይጨቃጨቃሉ። አንዲት ሴትዮ ገና ሳይቀመጥ «አንተ ነህ ከላይ ሆነህ የምታፈስብን?» ብላ አፈጠጠችበት። በሩን ዘግቶ ወጣ። ዘበኛው ሆን ብሎ እንዳሳሳተው አልተጠራጠረም። ወርዶ ሊጣላው ደረጃው ጋ ሲደርስ፣ በስተቀኝ ካለው ክፍል ሳቅ ሰማ። የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ክፍል ነው። መረቡ ተነሥቷል፤ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ወንበር ይደረድራል። ሰውዬው ዞር ሲል ሾፌሩ ክው አለ።

የአውቶብስ ድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ነበር፤ እናቱ ስም ያላወጣችለት ይመስል ሠራተኛው ሁሉ «ስምሪት» እያለ የሚጠራው። አንድ ማለዳ የሾፌሩን አፍ አሽትቶ፣ በባልደረቦቹ ፊት ቁልፉን ከእጁ የነጠቀው እሱ ነው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ሾፌሩ። ድሮ «እርስዎ» ነበር የሚለው።

«አንተ የምትሠራውን» አለ ስምሪት። «ቁጭ በል።»

«ራስህ ጠጪ ሆነህ ነው እኔን ከእንጀራዬ ያፈናቀልከኝ?»

«እኔ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንተ ደግሞ ያን ቀን አውቶብስ ሙሉ ሰው ልትጭን ነበር። ነገም ሰክረህ ብትመጣ ነገም እነጥቅሃለሁ። ይቅርታ የምጠይቅህ መስሎህ ከሆነ፣ በሩ ያውልህ።»

ሾፌሩ በሩን አየ። ቢወጣ ያ ሰውዬ አሸነፈ ማለት ነው። እልህ ያዘውና ወንበር ጎትቶ ልክ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

አንዲት የጥርስ ሐኪም እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር በሽተኞቿን ምን እያለች ትመልስ እንደነበር አወራች። አንድ ቀለም ቀቢ ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስቶ መጠጥ ቤት ያመሸበትን ቀን ተናገረ። ሾፌሩ ላለመስማት ጣሪያውን ቢያይም ጆሮ ክዳን የለውም። ተራው ደረሰ።

«የምናገረው የለኝም» አለ። «እህቴ አስገድዳኝ ነው የመጣሁት። ያንን ሰውዬ ደግሞ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

«እኛም ብዙ አንወደውም» አለ ቀለም ቀቢው።

ሁሉም ሳቁ። ስምሪት ብቻ አልሳቀም።

በሚቀጥለው ሰኞም ሄደ። ቢቀር ስምሪት «ድሮም ብያለሁ» ይላላ።

አንድ ቀን በጭነት መኪና ሾፌርነት ለመቀጠር ሄደ። ከቀድሞ ሥራው ለምን እንደተሰናበተ ሲጠይቁት ሊነግራቸው አልደፈረም፤ ሳይቀጥሩት መለሱት። ከግቢው ሲወጣ ፊት ለፊት መጠጥ ቤት ነበር። እጁ የበሩን እጀታ ሲነካ የስምሪት መልክ ድቅን አለበትና ደሙ ፈላ። ቁጥሩ ከሥራው ዘመን ጀምሮ ስልኩ ውስጥ አለ። ደወለ።

«ኑሮዬን ያፈረስከው አንተ ነህ» አለው።

«የት ነህ?»

«ምን አገባህ?»

«እሺ፣ ቀጥል።»

ቀጠለ። ትዕቢቱን፣ አረማመዱን፣ በፈረቃ ድልድል የሚያደርገውን አድልዎ፣ ከገላው የማትወርደውን ቡናማ ሹራብ ሳይቀር አንድ በአንድ እያነሣ ሰደበው። እየተሳደበም ይራመዳል። ምላሱ ዝሎ ሲያበቃ ፌርማታ ላይ ቆሞ ራሱን አገኘው፤ መጠጥ ቤቱ ከኋላው ርቆ ቀርቷል።

«ጨረስክ?» አለ ስምሪት።

«አልጨረስኩም።»

«የቀረውን ሰኞ ትጨምርበታለህ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ሲጨንቀው ይደውልና ይሰድበዋል፤ ስምሪትም ያዳምጣል። ከወራት በኋላ ወደ አውቶብሱ እንዲመልሰው ጠየቀው።

«ሰው ጭነህ ትነዳለህ ብዬ ገና አላምንህም» አለው።

ሾፌሩ ቂም ያዘ። ለብዙ ሰኞ ሰላምታ እንኳ ነፈገው፤ ከስብሰባው ግን አልቀረም። በኋላ አንድ የሲሚንቶ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚሉትን የጭነት ማንሻ መኪና እንዲነዳ ቀጠረው።

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ታረቃችሁ?» ብላ እህቱ ጠየቀችው።

«አልታረቅንም» አላት ጫማውን እያሰረ። ሰኞ ነበርና ቸኩሏል።