ናቾ ወፍራም ነው

ወረቀቱን በራችን ላይ ለጥፈውት የሄዱት ማክሰኞ ዕለት፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ቢጫ ነው። ቢጫ ወረቀት ደግ ነገር ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ከመኪናዬ ሳልወርድ ከሩቅ አየሁት። መጀመሪያ የመጣብኝ ቤቱን ልንነጠቅ ነው የሚል ነው። ቀጥሎ፣ ባሌ እንዳሻው ኤርፖርት መንገድ ላይ ሰው ገጭቷል አልኩ። በሩ ጋ ደርሼ ቀስ ብዬ ሳነበው ግን ወረቀቱ የመጣው በእኔም በባሌም አይደለም፤ በውሻው ነው።

ከከተማው የእንስሳት ቁጥጥር ነው። ከቤት ውጪ የሚኖረው ውሻችሁ በቂ መጠለያ እንደሌለው ጥቆማ ደርሶናል ይላል። ዓርብ ከሰዓት ተመልሰን እናያለን። እስከዚያ ካልተስተካከለ ክስ ሊመሠረት፣ ውሻውም ሊወሰድ ይችላል። ከሥር ደግሞ መሟላት ያለበትን ደርድረውታል።

ናቾ ውጪ የሚኖረው ስለጠላነው አይደለም። ባለፈው ሰኔ ከጎረቤት ከተማ ከሌክውድ ወደ ሌላ ስቴት የሚሄድ አንድ የእንዳሻው ደንበኛ «ልጅ ካለህ ውሰደው» ብሎ ሰጠው፤ ልጃችን ኤልዳናም በዚያው ቀን ስም አወጣችለት። ነገር ግን ሳሎናችን ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ አለ፣ ፀበል አለ። እኔ ባደግኩበት ቤት ውሻ የግቢ ነው፤ ከደጃፉ አያልፍም። ስለዚህ እንዳሻው ከሱቅ ጀርባ የሚጣሉ የዕቃ ማንሻ ጣውላዎች ሰብስቦ ጓሮ ቤት ሠራለት። ሲሠራ ደግሞ እጁ አይሰስትም። ሰው ቢመጣ አልጋ ዘርግተን የምናሳድርበት የሚያህል ቤት ነው የሠራው።

ደግሞ እኔ ችግር ሳይመጣ የምጠይቅ ሰው ነኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ውርጩ ሳይጀምር፣ ኦሮራ ከተማ ጽሕፈት ቤት ደውዬ በአማርኛ አስተርጓሚ ሕጉን ጠይቄያለሁ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የናቾን ዕድሜ ሳይቀር ተናገርኩ። የጠየቁኝን ሁሉ በትሕትና መለስኩ። «እናመሰግናለን፣ እናየዋለን» ብለው ዘጉ። እንዲህ ደውሎ ሕግ የሚጠይቅ ሰው ላይ ቢጫ ወረቀት ይለጠፋል?

ማታ ራት ላይ ጠቋሚውን ደረስኩበት።

«ጋሽ ተክለሚካኤል ናቸው፤» አልኩ።

«ምናቸው?» አለ እንዳሻው፣ ጉርሻውን ሳይውጥ።

«የጠቆሙብን ናቸዋ! ያለ እሳቸው ጓሯችንን የሚያይ ማን አለ?»

ጋሽ ተክለሚካኤል ጎረቤታችን ናቸው። አጥራችን አንድ ነው። እኛ ገና ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ አፓርታማ እየተከራየን ሳለን እሳቸው እዚህ ሰፈር ቤት ገዝተው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው እሑድ አጥሩ ላይ ተደግፈው «አልጣሽ፣ ይሄ ውሻሽ በጠዋት ተነስቶ የሚጮኸው ኪዳን ሊያደርስ ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅኩ። አሁን አልሳቅም።

«እሳቸው እኮ በአጥር አጥንት ሲወረውሩለት አይቻለሁ፤» አለ እንዳሻው።

«እሱ እኮ ነው ያሳሰበኝ። ሰው በባዶ ሜዳ አጥንት አይወረውርም።»

«አንቺ ደግሞ! ሰውዬው ቢጠቁሙ አጥንት ለምን ይሰጡታል?»

«ጥርሱን ለማየት ይሆናል።»

ኤልዳና አልሳቀችም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ከእኔ ተቀብላ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ ሳህኗን ግን አልነካችም።

«ሊወስዱት ይችላሉ?» አለች። «ላይክ፣ ፎረቨር?»

ሌላ እናት ብትሆን «አይዞሽ፣ አይወስዱትም» ትላለች። እኔ ውሸት አይሆንልኝም፤ ናቾን በብረት ሳጥን ጭነውት ሲሄዱ፣ ልጄ ከመኪናው ኋላ ስትሮጥ ከወዲሁ እያየሁት ነበር። ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ኦኬ፤» አለችና በእጅጌዋ ጠረገችው። «ሊስት አለ። ሊስቱን እንሠራዋለን።»

የሚገርመው፣ ከዝርዝሩ ግማሹን የጣስነው በደግነታችን ነው። ቤቱ ውሻው ቆሞ የሚዞርበት ያህል ይስፋ፣ ግን ከዚያ ብዙ አይበልጥ ይላል፤ ሲሰፋ በገላው ሙቀት ማሞቅ አይችልማ። እኛ ደግሞ ሰፊ ቤት ሠርተን አክብረነዋል። መኝታው ደረቅ ይሁን፣ ብርድ ልብስ እርጥበት ይዞ በረዶ ይሆናልና ገለባ ይሻላል ይላል። እኔ ሁለት ደህና ብርድ ልብስ አንጥፌለት ነበር፤ ሄጄ ብዳስሰው እውነትም እርጥበቱ በረዶ ሆኖ እንደ ጣውላ ደርቋል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስ የሚመልስ መጋረጃ ይኑረው፣ ውሃው በረዶ አይሁን።

ረቡዕ እንዳሻው ቤቱን መሐል ለመሐል በጣውላ ከፈለው፤ ከሥሩም ጡብ አስገባበት። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሴንትራል ፓርክ ከሚባለው ሰፈር፣ ዱባ ይሸጥበት ከነበረ ሜዳ፣ ለሃሎዊን ማስጌጫ ተቀምጦ የተረፈ አንድ እስር ገለባ በሚሠራበት መኪና ጭኖ መጣ። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሁሉ ከልብሱ ላይ ገለባ ሲለቅም ዋለ።

«አንዷማ ፈረስ አለህ ወይ አለችኝ፤» አለኝ ከሰዓት ሲገባ።

«ምን አልካት?»

«አዎ፣ ሚስቴ አትፈቅድለትም እንጂ ቤት ውስጥ ይገባ ነበር አልኳት።»

እኔ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውሃ ሳህን ገዛሁ። ገዝቼ ስመለስ ናቾ ምላሱን ሲያስገባ እሳት ይዞት፣ ከሱ ቤት ወደ እኛ ቤት ተቀጣጥሎ ታየኝ። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ መጀመሪያ በራሴ ጣት ሞከርኩት። ለብ ያለ ነው።

በረዶው መጣል የጀመረው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ኤልዳና ገለባውን እየጎዘጎዘች፣ እኔ ከኋላዋ «ኮፍያሽን ልበሽ» እያልኩ ሳለን ጋሽ ተክለሚካኤል በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። በእጃቸው ያረጀ የመኪና ጎማ ምንጣፍ ይዘዋል።

«ለበሩ መጋረጃ ይሆናል ብዬ ነው። ከሥሩ ብትሰነጥቁት እንደ ልብ ይገባል ይወጣል።»

«አመሰግናለሁ፣ አለን፤» አልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር። የለንም።

«አለን ካልሽ ደግ። እኔ ግን ይዤው አልገባም፣ ይከብዳል፤» አሉና አጥሩ ላይ ሰቅለውት ገቡ።

ኤልዳና ሄዳ አወረደችው። «ማሚ፣ ለምንድን ነው የምትቆጪያቸው? ናይስ ናቸው እኮ።»

«ከሰው ተጠንቀቂ፤» አልኳት። ምንጣፉን ግን ሰቀልነው። ልክክ አለ።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። እንዳሻው ሥራ ላይ ነበር፤ ለማስተርጎም ኤልዳና አለች። ኦፊሰሯ በሰዓቷ ደረሰች። ኬሊ ትባላለች፤ ጉልበት እስኪደርስ ቡትስ ያደረገች፣ ፀጉሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። በእጇ ታብሌት ይዛለች። እኔ ያየሁት ታብሌቱን ሳይሆን ከኋላዋ የቆመውን መኪና ነው። ኋላው የብረት ሳጥን ነው። ልክ እንዳየሁት! ኤልዳናም አየችው፤ እጄን ያዘችኝ። ከሁለተኛ ክፍል ወዲህ ሰው ፊት እጄን ይዛኝ አታውቅም።

ኬሊ በረዶው ላይ ተንበረከከች። ወለሉን ለካች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ገለባው ውስጥ ከትታ ደባበሰች። መጋረጃውን ከፍ ዝቅ አድርጋ ሳቅ አለች። የውሃውን ሳህን በጣቷ ነካች፣ እኔ እንደነካሁት።

«ሁሉም ጥሩ ነው ትላለች፤» አለች ኤልዳና። «አሁን ናቾን ልይ ነው የምትለው።»

ናቾ ስሙን ሲሰማ ወጣ። መጀመሪያ ጭንቅላቱ፣ ቀጥሎ ትከሻው ወጣ፤ ሆዱ ጋ ሲደርስ ምንጣፉ ትንሽ ያዘው። ታግሎ ወጣና ገለባውን አራግፎ ኬሊ ጫማ ላይ ተዘረጋ።

ኬሊ ናቾን አየች። ታብሌቱን አየች። እንደገና ናቾን አየች።

«ይሄ ነው ከሲታው?» አለች።

ከታብሌቱ ማንበብ ጀመረች፤ ኤልዳና እግር በእግር ትተረጉማለች። ደዋዩ እንዳለው ውሻው ከሲታ ነው። አርጅቷል። ይኼ ነው የሚባል ቤት የለውም፣ ያለው እንጨት ቢጤ ነው። ምንም የማይረባ ውሻ ነው።

ደሜ ፈላ። ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ተክለሚካኤል ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመው ያያሉ። «ማነው እንዲህ ያለው በያት!» አልኩ፣ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ማነው የእኔን ውሻ የማይረባ ያለ?»

ኤልዳና ጠየቀቻት። ኬሊ ደዋዮችን ለሰው አንናገርም አለች፤ ከዚያ ታብሌቱን ዝቅ አድርጋ ስታይ ፊቷ ተለወጠ፣ ስሜንም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለኤልዳና የሆነ ነገር አለቻት። ኤልዳና አፏን ከፍታ ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ፤» አለች። «አንቺ ነሽ።»

በዚያ ቅጽበት ሁሉም ተመለሰልኝ። በስልኩ ላይ ያለችው ሴት «ውሻው ውፍረቱ እንዴት ነው?» ብላኝ ነበር። ፊቷን ለማላውቃት፣ ዓይኗ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማላውቃት ሰው፣ ወፍራም ነው፣ ተመችቶታል ልበላት? «ኧረ የት ወፍሮ፣ ከሲታ ነው» አልኩ። ዕድሜውስ? ሦስት ዓመት ነው፣ ግን «አርጅቷል» ብዬ ጨመርኩበት። ቤቱስ? እንዳሻው ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የለፋበትን ቤት «ምን ቤት አለው ብለሽ ነው፣ እንጨት ቢጤ ነው» አልኩ። ጥሩ ውሻ ነው? «ኧረ ምን ይረባል!» አስተርጓሚዋ፣ እግዜር ይስጣትና፣ አንድም ቃል አላስቀረችም።

ኬሊ ሳቋን እየዋጠች አስረዳችኝ። ያየችውን አይታለች። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ያለው የባለቤቱ ቃል ነውና ፋይሉን ለመዝጋት ቃሌን ማስተካከል አለብኝ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ።

«ውሻሽ በደንብ ይበላል?»

«ኧረ እሱ ምን...» ብዬ ጀመርኩ። አፌ በራሱ ነው የሄደው።

«ማሚ፣ ስቶፕ!» አለች ኤልዳና። «ይሄን አልተረጉምም።»

ማንም አይረዳኝም። እኔ ደህና ነው ያልኩት ነገር ደህና ሲያድር አይቼ አላውቅም። መኪናችን ምንም አትል ባልኩ ማግስት ጎማዋ ፈነዳ። ዛሬ ናቾን ወፍራም ነው ብዬ በመንግሥት መዝገብ ላይ ባስጽፈው፣ ነገ ጠዋት ምግብ አልበላ ይላል፤ ከነገ ወዲያ ሐኪም ቤት ነን። ካላልኩ ደግሞ ያ የብረት ሳጥን አለ። ልጄ እጄን ጨመቅ አደረገችኝ።

አማተብኩ።

«ወፍራም ነው፤» አልኩ። ኤልዳና ተረጎመች። «በጣም ወፍራም ነው። ጠዋትም ማታም ይበላል፣ እኛ ስንበላ ደግሞ ይደግማል። ሦስት ዓመቱ ነው። ቤቱን ባሌ ነው የሠራው፤ እንዲህ ያለ የውሻ ቤት ኦሮራ ውስጥ የለም። ሞቃት ነው። ውሻው ጎበዝ ነው፣ ቆንጆም ነው። ይኸው ተናገርኩ!»

«እቱፍ በይበት እንጂ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተክለሚካኤል ከማዶ። እኔ እስክደርስ እሳቸው ራሳቸው በአጥሩ ላይ ወደ ናቾ ሦስት ጊዜ እቱፍ እቱፍ አሉበት።

ኬሊ ደነገጠች። «ምን እያደረጉ ነው?»

ኤልዳና ትንሽ አሰበች። «ኢንሹራንስ ነው፤» አለቻት።

ኬሊ ፋይሉን ዘጋች። ቀኑ ሲከፋ ግን፣ ከባዱ ብርድ ሲመጣ፣ ወደ ውስጥ አስገቡት አለች። እኔ ሥዕሉን፣ ፀበሉን አስቤ ቀና ስል ጋሽ ተክለሚካኤል ቀደሙኝ።

«ጋራዥ አለሽ አይደለም እንዴ? ፀበልሽን ጋራዥ አታስቀምጪ!»

ጋራዥ ይበቃል አለች ኬሊ፤ ሄደችም። የብረት ሳጥኑ ባዶውን እየተንኳኳ ሄደ።

ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። መሬት መሬት እያየሁ «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ጠርጥሬ...» ከማለቴ፣

«አውቄያለሁ፣» አሉ። «ሦስት ቀን ሰላምታ ስትነሺኝ ምን መስሎሽ ነበር? እኔ ብከስሽ በጩኸቱ እከስሻለሁ እንጂ በቤቱ አልከስሽም። እኔ ራሴ እንዲህ የሚሞቅ ቤት የለኝም።»

«ራት እኛ ጋ ይምጡ።»

«አጥንቱን ለናቾ የምታስተርፉ ከሆነ እመጣለሁ።»

ወደ ቤት ስንገባ ኤልዳና በሩ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ባለፈው ቲቸሬ ጎበዝ ናት ስትልሽ፣ ኧረ ሰነፍ ናት አልሻት።»

«እሱማ...»

«ናቾን ጎበዝ አልሽው። በመዝገብ።»

ብርዱ በተከፈተው በር ይገባል። ዝጊው ልላት ነበር፤ ተውኩት።

«ጎበዝ ነሽ፤» አልኳት። «ከናቾም ትበልጫለሽ።» ሳቀች። ስትስቅ ራሷ ላይ እቱፍ እቱፍ አልኩባት።

«ኢው፣ ማሚ!» ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ራት ላይ ግንባሯን ሁለት ጊዜ ዳሰስኩ። ትኩሳት የለም። ጋሽ ተክለሚካኤል በጓሮ በር አጥንቱን ሲወረውሩለት ናቾ አየር ላይ ቀለበው። ዛሬ ሁሉም ደህና ነው። የነገውን ነገ አያለሁ።