የስፌት መኪናው የሚቆምበት ሰዓት

ሰፊዋን የፈለገ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ባይሄድ ይሻለዋል። በዚያ ሰዓት ሙሽራ ብትመጣ፣ ቀሚሷም አንድ እጅጌ ቢቀረው፣ የስፌት መኪናው ንቅንቅ አይልም። ልጇ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ነዋ! ሰፊዋ መቀሱን ታስቀምጥና፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ "በይ የኔ መምህር፣ ዛሬ ምን ታስተምሪኛለሽ?" ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ስብሰባ ነው። "ልጆቻችሁ የተማሩትን ለእናንተ ያስረዱ፤ ያስረዳ ሰው አይረሳም" ተባለ። ሌላው ወላጅ አጨብጭቦ ቤቱ ገባ። ሰፊዋ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናትና ምክሩን እንደ መድኃኒት ያዘችው። ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ "ሐኪም ስትሆን ነጩን ጋውን የምሰፋላት እኔ ነኝ" ያልተባለ ደንበኛ የለም። ልጅቷ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ስለ ሳንባ፣ ስለ ጉበት ስታወራ የእናት አንጀት ቅቤ ይጠጣል። የሰፈሩ ሰው ልጅቷን "ፕሮፌሰር" ብሎ ሰየማት። "ፕሮፌሰር ማስተማር ጀምራለች፣ ነገ ተመለስ!" እየተባለ ስንቱ ደንበኛ ከበር ተመለሰ፤ ስንቱስ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ ጋውን ልታሰፋ መጣች። ሰፊዋ ወገቧን እየለካች፣ "አንቺ ደግሞ ምነው እንዲህ ገረጣሽ? ኩላሊትሽን ጠብቂ እንጂ፣ ደም የሚሠራው እዚያ አይደል!" አለቻት።

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ እትዬ! ደም የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ልጄ ናታ!"

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። "እንግዲያ… ተሳስታ ይሆናል።"

"ሳንባስ? አራት አይደል? ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች?"

"ሁለት ነው፣ እትዬ።"

ሰፊዋ ሦስተኛውን መጠየቅ ፈራች። ነርሷን እንደሸኘች ሱቋን ዘግታ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የባዮሎጂ መምህርቷ ገና ስታያት ፊቷን አኮሳተረች። "እንኳን መጡ፣ ስፈልግዎት ነው የከረምኩት። ልጅዎ ወድቃለች። በሁለተኛው መንፈቅም እንዲሁ ከሆነ ክፍል ትደግማለች። እኔ እሷ ላይ አልፈርድም። ከዚህ እንደወጣች ስፌት መኪና ላይ እያስቀመጧት መቼ ታጥና? እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እባክዎ እናቴ፣ እስከ ፈተናው እንኳ ከመኪናው ያንሱልኝ።"

"እኔ?" አለች ሰፊዋ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ዋሽታለች" እንዳትል ልጇን በመምህሯ ፊት ማዋረድ ሆነባት። ስለዚህ ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ፣ "እሺ፣ አነሣታለሁ" ብላ ወጣች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው! ወደ ሱቋ ተመለሰች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። "ዛሬ ስለ ልብ ነው እማ። ልብ አራት ክፍል አላት…"

ሰፊዋ ፔዳሉን ረገጠችው። በዚያ ሰዓት ጮሆ የማያውቀው መኪና ተንጣጣ።

"እማ! እየሰማሽኝ ነው?"

"አራት ነው ያልሽው? እውነት ነው ወይስ እንደ ኩላሊቱ ነው?"

ልጅቷ ደብተሯን አጠፈች።

"መምህርሽ ጋ ነበርኩ።"

ያን ጊዜ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። "መጀመሪያ እውነቱን ነበር የምነግርሽ። ኋላ አልገባ አለኝ። አንቺ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ፕሮፌሰር እያልሽ… እንዴት አልገባኝም ልበልሽ?"

"እኔን ማታለልሽስ ይሁን፣ ሞኝ ነኝና ችዬዋለሁ። ግን ምነው ሸጥሽኝ? ላንቺ ብዬ ያቆምኩትን መኪና 'እሱ ላይ ጠፍራ አሠራችኝ' ትበይብኝ?" ሰፊዋ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀች። "ነይ ተቀመጪ። ቢያንስ አንድ የተናገርሽው ነገር እውነት ይሁን። ክሩን አስገቢ።"

ልጅቷ ተቀመጠች። ክሩን በላይ አዞረችው፣ በታች አወጣችው፣ ተተበተበባት። የሰፊ ልጅ ሆና የመርፌው ቀዳዳ ከፊት ይሁን ከጎን አታውቅም። ከየት ትወቀው? እናቷ "ያንቺ እጅ ለእስክሪብቶ ነው" እያለች አንድ ቀን አስነክታት አታውቅም።

"አላውቅም፣ እማ" አለች በመጨረሻ።

"አየሽ፣ ለካ ማለት ትችያለሽ!" ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ካልገባሽ ቦታ ጀምራ እንድታስረዳሽ መምህርሽን የምለምነው እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ መርፌ ነክቶት የማያውቀውን እጅሽን ታሳያታለሽ። ሁለቱንም እጅሽን፣ ዘርግተሽ።"