ሰባተኛው መስመር

ቤተል ቅጹን ስትሞላ ሰባተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። «የንስሐ አባት ስም» ይላል። ባዶውን ትታ ፈረመችበት፤ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍራ ከሙኑኪ ሰፈር ወደ ጁባ ታውን ስትሄድ ግን ያቺ ክፍት ቦታ ከጻፈችው ሁሉ ይልቅ ጎልታ ትታያት ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ጸሐፊነት የሚወዳደሩ ሰዎች ምዝገባ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ያበቃል። አስመራጩ ጋሽ አየለ በሆቴላቸው በረንዳ ላይ ማኅተሙን ይዘው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አዩና መለሱላት።

«ይቺ ክፍት ናት።»

«ጴንጤ ነኝ፣ ጋሽ አየለ። የንስሐ አባት የለኝም።»

«አውቃለሁ። ያልተሟላ ቅጽ ግን አልቀበልም።»

አጠገባቸው ሻይ የሚጠጣው መልከጼዴቅ ጣልቃ ገባ። «የኔን የንስሐ አባት ስም ጻፊና ገላግይን። እኔም ካየኋቸው ሦስት ዓመቴ ነው።»

«በውሸት ገብቼ የማንን ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ነው?» አለችው። ከቦርሳዋ የኮሚኒቲውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥታ አነበበች። «ማንም አባል በሃይማኖቱ ምክንያት ከኃላፊነት አይከለከልም።»

«መቼ ከለከልኩሽ? መስመሩን ሙዪ ነው ያልኩሽ።»

ቤተል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስምንት ተኩል ሆነ።

ከኮሚኒቲው መሥራቾች አንዷ የሆኑት እትዬ ወርቅውሃ መጡና ምን እንዳኮራረፋቸው ጠየቁ። ቅጹን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሳቁ።

«ይሄማ የእድሩ ቅጽ ነው። ርዕሱን ብቻ ቀይረን አባዛነው። ሰው ሲሞት ለፍትሐት ማንን እንጥራ ብለን ነው እኮ ያን የጻፍነው።»

«እኔ ደግሞ ለቀብር አልተመዘገብኩም» አለች ቤተል።

መልከጼዴቅን ሻዩ ትን አለው። ጋሽ አየለ አልሳቁም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሁሉም ሲሞላው ኖሯል።»

«የሚሞላው ስም ያለው ሰው ብቻ ነዋ ሲመጣ የኖረው» አለች ቤተል።

ጋሽ አየለ ቅጹን እያገላበጡ፣ «ብዙው መራጭ ኦርቶዶክስ ነው። ትሸነፊያለሽ ብዬ ነው» አሏት።

«እሱን መራጮቹ ይንገሩኝ።»

ለዘጠኝ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ አየለ ሰባተኛውን መስመር በማስመሪያ ሰረዙና ማኅተሙን አሳረፉ። ከዚያ ያልተሞሉትን ቅጾች ከነማስመሪያው ወደ እሷ ገፏቸው።

«እነዚህንስ ማን ይሰርዛቸዋል? ጸሐፊ እሆናለሁ ብለሽ የለ?»

ቤተል እጅጌዋን ሰበሰበች።