በተድላ ስልክ ውስጥ የቀረው አውሬ

ማርያምን እውነት ነው፤ ለቀስተኛው ንፍሮውን ትቶ አንዲት ስልክ ላይ ተደፍቶ፣ «ውሻ ነው!» «ቀበሮ ነው እንጂ!» እየተባባለ ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ! እኔ እሸቴ ነኝ። ቡራዩ መጥታችሁ «ቀዳጁ እሸቴ» ብትሉ ሕፃን ልጅ እጃችሁን ይዞ ቤቴ ያደርሳችኋል። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩት አስተማሪው የምነግረውን ሁሉ አላምን ብሎ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ብምል ዘጠኙም ውሸት ነው፤ ይሄ አሥረኛው ነው።

«እስቲ መልሱልኝ፣ ባትሪው ያልቃል» አሉ እትዬ ደመቀች ከፍራሹ ላይ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ተመለሰ። እኔ ጋ ሲደርስ ሳላየው አሳለፍኩት። የሟቹ የተድላ ስልክ ነው፤ የእትዬ ደመቀች ታናሽ ወንድም፣ የእኔ ደግሞ ጓደኛ። ማታ ማታ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ስልኩን ባዶ ያደርግ ስለነበር፣ ውስጡ የቀረው በሞተበት ጠዋት ያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ቢጫ ሣር፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ከሣሩ በላይ ብቅ ያለ ጭንቅላትና ጀርባ። ጆሮው ቆሟል። ጅራቱ ሣር ውስጥ ስለገባ ነው ጠቡ ሁሉ የመጣው።

«የገርባ ውሻ ነው፣ ቦቢ» አሉ አንዱ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሌላ ውሻ በሰፈሩ የለም።»

እትዬ ደመቀች ሰሙ። ስልኩን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ጉዱ ምን መሰላችሁ። ዘመኑ 2008፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ማስተር ፕላኑ መጣ፣ መሬቱ ሊሄድ ነው ተብሎ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ጭስ ተዘግቷል። ሐሙስ ጠዋት የእኛም ሰፈር ወጣቶች መገንጠያው ላይ ወጡ። ተኩስ ሲጀመር ወደ ባሕር ዛፉ ሮጡ፤ ጥይቱም አብሯቸው ሮጠ። ተድላ ከዛፉ ጠርዝ፣ በመገንጠያውና በገፈርሳ ግድብ መሃል ወድቆ ተገኘ። ቀኝ እጁ ስልኩን እንደጨበጠ።

ገርባ የሰፈሩ ልጆች የሚሰሙት ልጅ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ እንደኔ አይደለም። «ስልኩን ወደ እኛ ደግኖ አይቼዋለሁ» አለ። በማግስቱ የገርባ ወንድምና ሌሎች አራት ልጆች ከየቤታቸው ተለቅመው ተወሰዱ። ማን ጠቆማቸው? ፎቶ ያነሳቸው ነዋ! ተድላ ከተቀበረ ገና ቀን ሳይሞላው በሰፈሩ አፍ ሁሉ ጆሮ ጠቢ ሆነ።

የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት፣ አግዳሚውን የሚሸከሙት፣ ካርታ እየተጫወቱ ለቅሶ ቤቱን የሚያሞቁት ወጣቶቹ ናቸው። አንድም አልመጣም። ድንኳኑን አምስት ሽማግሌዎች ተጋግዘው ተከሉት፤ ወደ ግራ ተንጋዶ የሰከረ ሰው መስሎ ቆመ። ዛሬ ሣልስት ነው፤ ከቀትር በኋላ ይነሳል። እነ ገርባ ሳይገቡበት ከተነሳ የተድላ ስም እንደቆሸሸ ይቀራል፤ እትዬ ደመቀችም የጆሮ ጠቢ እህት ተብለው እዚሁ ሰፈር ይኖራሉ።

እንግዲህ አውሬው ቦቢ ከሆነ፣ ቦቢ ያን ጠዋት ከገርባ ጋር መገንጠያው ላይ ነበር፤ ተድላም ስልኩን ወደ ልጆቹ ደግኗል ማለት ነው። ቀበሮ ከሆነ ግን ተድላ ጀርባውን ለመገንጠያው ሰጥቶ ጫካ ጫካውን ሲያይ ነበር። የሰው ስም በአንድ አውሬ ጅራት ላይ ተንጠለጠለ።

በመጀመሪያው ቀን ተነስቼ «ወደ ገፈርሳ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ማርያምን!» ብዬ ነበር። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አልፈርድባትም። ባለፈው ክረምት ገፈርሳ ላይ አንበሳ ውሃ ሲጠጣ አየሁ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ ተድላ ብቻ ስልኩን ይዞ በእግሩ ሄደ። ተመልሶ ፎቶውን አሳየኝ። ቀይ ላም!

«አንበሳህ ትታለባለች፣ እሸቴ» አለኝ። «ፎቶ የሌለው ነገር አልሆነም ማለት ነው፤ ስንቴ ልንገርህ?»

እንደዚያ ነበርን። እኔ እፈጥራለሁ፣ እሱ ሄዶ ያጣራል። በእኔ ውሸት ምክንያት ስንት ወፍ፣ ስንት ከርከሮ ፎቶ ተነስቷል መሰላችሁ።

«አዲስ አበባ ቤታችን ሲፈርስ» አሉ እትዬ ደመቀች፣ ለፍራሹ የሚያወሩ ይመስል አቀርቅረው፣ «ድመታችን አልሄድም ብላ ፍርስራሹ ላይ ቀረች። ተድላ ከሥራ መልስ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሄደ ፎቶ ያነሳት ነበር። ‹እዚህ እንደኖርን እሷ ምስክር ናት› ይለኛል። ከቤቱ የተነቀለ ልጅ ነው ከመሬቴ አልነቀልም ያለውን የሚጠቁመው?»

ንፍሮ ሲታኘክ ብቻ ይሰማል።

አራት ሰዓት ገደማ ኦቦ ደቻሳ ከመናገሻ ደረሱ። ሠላሳ ዓመት ጫካ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ያስጠሯቸው እትዬ ደመቀች ናቸው። መንገዱ ገና ሚኒባስ ስለማያሳልፍ ግማሹን በእግራቸው መጥተዋል።

«ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዜር ያጽናዎት» ብለው ተቀመጡ። ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ «ያንን ውሻ አምጡልኝ» አሉ።

«ወደ ለቅሶ?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው።

«ወደ ለቅሶ።»

ገርባ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ግን አልገባም፤ ከገመዱ ውጭ ቆሞ የቦቢን አንገት ይዟል። ጓደኞቹ ከኋላው ተኮልኩለዋል። ኦቦ ደቻሳ በጣታቸው እኔን ጠሩ።

«አንተ፣ ስልክህን አውጣና ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው ፊቱ ቁም።»

ቆምኩ። ቦቢ ጅራቱን እየቆላ ስልኬ ላይ አፈጠጠ። ወደ ግራ ሳደርገው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሳደርገው ወደ ቀኝ።

«አያችሁ? ውሻ ሰው ሲያይ እጅ ነው የሚያየው። ዳቦውም ድንጋዩም የሚመጣው ከእጅ ነው።» የተድላን ስልክ ለገርባ ዘረጉለት። «ይሄኛው እጅ ያያል?»

ገርባ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አያይም።»

«አፉን እይ፣ ሹል ነው። ጀርባው ላይ የተነዛው ጥቁር ጸጉር ውሻህ ላይ አለ?»

«የለም፣ ኦቦ።»

«ሳሬ ሚቲ፤ ውሻ አይደለም። ጄዳላ ነው፣ ቀበሮ። ቀበሮ ደግሞ ጎማ የሚቃጠልበት መንገድ ላይ ምን ይሠራል?»

ገርባ ውሻውን ለጓደኛው ሰጠ። «በዚያ ጭስ ውስጥ ፊቱ ይሁን ጀርባው አልለየሁም» አለ መሬት መሬት እያየ። «ወንድሜን ሲወስዱት ደግሞ...» አልጨረሰውም። ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባና እትዬ ደመቀች እግር ሥር ተንበረከከ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«ተነስ ልጄ። የወንድምህን መፈታት ያሰማህ።»

ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። ሁለቱ ማንም ሳያዝዛቸው የተንጋደደውን ምሰሶ አቀኑት። አንዱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጃኬቱ ሸፈነ።

ወሬዬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ገርባ ግን ስልኩን አልመለሰም።

«ኦቦ፣ እጁን ካላየ ታዲያ ምንድን ነው የሚያየው?»

«ቀበሮ ፊቱ የቆመውን አንዴ ካየው ይበቃዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ሰው ነው የሚፈልገው።» ጣታቸው ከአውሬው ዓይን ተነስቶ ከስልኩ ጠርዝ ወጣ። «ከልጁ ትከሻ በላይ ነው የሚያየው። ከኋላው ሰው ነበረ።»

ገርባ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ አዘንብሎታል። ከሐሙስ ጀምሮ የሸሸሁት ዓይን፣ ቢጫ፣ የማይጨፈን፣ ሰው ሁሉ መሃል እኔን መርጦ አገኘኝ።

«ማን ነበረ?» አሉ እትዬ ደመቀች።

«እኔ ነበርኩ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ግድቡ ጋ ቀበሮ አየሁ ብዬ ተድላን ያስወጣሁት እኔ እንደሆንኩ። አላየሁም ነበር፤ እንደ አንበሳው ለቀልድ ነው። እውነተኛው ከሣሩ ብቅ ሲል ከእሱ ይልቅ እኔ ደነገጥኩ። ተድላ አንድ ፎቶ አነሳ። ወዲያው ተኩሱ ተሰማ። «እንሂድ!» ስለው «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» አለኝ። ሮጥኩ። ከኋላዬ ኮቴ ይሰማኝ ነበር፤ እሱ ነው ብዬ ዘወር ሳልል ቤቴ ደረስኩ። በሩን ከፍቼ «ግባ» አልኩ። ማንም የለም። ያ ኮቴ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

እትዬ ደመቀች ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ማርያምን ብዬ ምዬ የለ? አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ አንድ ብቻ። ነበርኩ፤ ግን «እኔ ነበርኩ» አላልኩም። ቦታም የለቀቀልኝ የለም። እትዬ ደመቀች «ማን ነበረ?» ብለው ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ሲያዩ፣ ስልኩን ከገርባ ተቀበልኩ፣ መስተዋቱን በጃኬቴ እጅጌ ጠረግኩ፣ ደግሜ ጠረግኩ፣ መለስኩላቸው።

«ተባረክ» አሉኝ።