ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ሲካፈል ለስድስት

ከትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት አራት መስመር ነው። ሦስቱን አልፌ አራተኛው ላይ ዓይኔ ቀረ። «ልጄ በሒሳብ ፈተና መኮረጇን አምኜ ፈርሜያለሁ» ይላል። ይህ የልጅ ልጄ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ውጤቷም ዜሮ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ቢሆንም ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

ልጄ ግን እስክሪብቶዋን አውጥታለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ረፋድ ላይ ፈረቃ ትገባለች።

«አባዬ፣ ፈርመን እንገላገል። ከመምህር ጋር እሰጥ አገባ ምን ያደርግልናል?»

«አስቀምጪው» አልኳትና የልጅ ልጄን ጠራኋት። አሥር ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ድንቢጥ እንላታለን።

«ኮርጀሻል?»

«ኧረ አልኮረጅኩም፣ አባባ! ገምቱ ተባልን፣ ገመትኩ። ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ደብተር ለስድስት ክፍል እኩል ቢታደል ለአንዱ በግምት ስንት ይደርሰዋል ይላል። ስድሳ አልኩ።»

«እንዴት አገኘሽው?»

«አንተ እንዳሳየኸኝ ነዋ። ጎረቤቱን ፈልጌ።»

አርባ ዓመት የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ ሴራሚክ ስገጥም ኖሬያለሁ። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ «ስንት ካርቶን ላስመጣ?» ሲል እርሳስ ፍለጋ ኪስ አይዳበስም። ካርቶኑ ስድስት ሴራሚክ ቢይዝ፣ ወለሉ ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ቢፈልግ፣ ስድስት የሚያውቀው፣ ያለ ቀሪ የሚካፈልለት የቅርብ ጎረቤት ማን ነው? ሦስት መቶ ስድሳ። እንግዲያው ስድሳ ካርቶን። እርሳሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከስድሳ ርቆ ከሄደ የተሳሳተው እርሳሱ ነው። ጉልበቴ ሥራ እምቢ ካለኝ ወዲህ ከድንቢጥ ጋር ደጃፍ ላይ እንቀመጥና የፊት ለፊቱን ፎቅ መስኮቶች ስናካፍል እንውላለን። ልጅቷ ከእኔ ትፈጥናለች።

ሦስታችንም ሄድን። መምህርቷ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ የቀይ እስክሪብቶዋን ጫፍ ትነክሳለች። ከልጄ ብታንስም መምህር ናትና አንቺ አላልኳትም።

«ፈረማችሁ?» አለች።

«ከማን እንደኮረጀች ይንገሩኝና እፈርማለሁ።»

«እሱ አይታወቅም፣ አባት። ግን አሥር ጥያቄ በሦስት ደቂቃ ጨርሳ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል።»

«ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች?»

«ከሁሉም ቀድማ።»

«ታዲያ ካልጨረሰ ሰው ምን ይኮረጃል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ እኮ!»

ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ። የመምህርቷ ፊት ቀላ።

«ሥራውስ የታለ?» ብላ የድንቢጥን ወረቀት ገፋችልኝ። አሥር መልስ፣ አሥር ቀይ ኤክስ።

«ስድሳ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ኤክሱ?»

«መጀመሪያ ማካፈል ነው፣ አባት። ቀሪውን ማውጣት። ከዚያ መልሱን ማጠጋጋት። ሥራው ካልተጻፈ ልክ ቢሆንም አይያዝም።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ወንዙን ተሻግሮ ሲያበቃ ጥልቀቱን በበትር መለካት!

«መልሱን ካወቀ በኋላ ልጁ ምኑን ነው የሚገምተው?»

«ፈተና ነው፣ ጨዋታ አይደለም። እነዚህን ይዩ፤ ሥራ ማለት ይህ ነው» ብላ ከክምሩ አንስታ ዘረጋችልኝ።

መነጽሬን አደረግኩ። ሁሉም ላይ ረጅም ማካፈል አለ፤ የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ ላብ የነካው። አንዱ ላይ ቆምኩ። ልጁ በወጉ አካፍሎ ሃምሳ ዘጠኝ ደርሷል፤ ቀሪ አራት። ቀሪውን አራት ከሃምሳ ዘጠኝ ጎን ለጠፈውና አምስት መቶ ዘጠና አራት ሆነ። አጠጋግቶ ስድስት መቶ ብሎ ጻፈ። ከጎኑ በቀይ ግማሽ ማርክ ተሰጥቶታል።

«ይህስ?»

«ሥራው ስላለ ነው።»

«ያለው ደብተር ሦስት መቶ ሃምሳ ስምንት ነው። ለየክፍሉ ስድስት መቶ ታደለ። ምነው፣ ደብተሩ ወለደ?»

ድንቢጥ ሳቀች። እናቷ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። እኔን ግን ሳቅ አልመጣኝም።

«ለዚህ ግማሽ፣ ለስድሳ ዜሮ። ዜሮው ሳያንስ ሌባ የሚል ፋይል!»

መምህርቷ ወረቀቱን አተኩራ አየችው። ከዚህ በፊት እንዳላየችው ገባኝ። የሰባ አንድ ልጅ ወረቀት አርማለች፤ ደክሟት ይሆናል። ለድካሟ አዝናለሁ። የደከመ ሰው ግን ልጅን ሌባ ከማለት በፊት ይተኛል።

የማመኛውን ወረቀት ከልጄ እጅ ወስዳ ለሁለት ቀደደችው። ከዚያ የድንቢጥን ዜሮ ሰርዛ አምስት ጻፈች።

«በቃ፣ በዚህ እንታረቅ።»

«ይህ አምስት ከየት መጣ?»

«አባባ፣ የዜሮና የአሥርን መሃል ገምተው ነው» አለች ድንቢጥ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እናቷ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «አሥሩም ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

ደወል ተደወለ። መምህርቷ ክፍል መግባት ነበረባት። አምስቱን ሰርዛ አሥር ጻፈች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ለሽበትዎ ስል ነው።»

«ለሽበቴ ከሆነ ይሰርዙት። ሽበቱ የእኔ ነው፤ ማርኩ የእሷ።»

«አባዬ፣ በፈጠረህ!» አለች ልጄ።

ድንቢጥ ወረቀቱን ከመሃላችን መንጭቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ስትጨቃጨቁ ይቀደድብኛል» አለች።

መምህርቷ የቀሩትን ስትሰበስብ ስድስት መቶ ያለው ወረቀት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ይህን ልጅ ማን ይነግረዋል?»

«እሱ የእርስዎ ልጅ አይደለም።»

«አይደለም። ግን ግማሽ ማርኩን ይዞ ደህና የሠራ መስሎት ተቀምጧል። ነገ የሕፃን መድኃኒት ሲያካፍል ነው ስህተቱን የሚያውቀው?»

ወረቀቱን ከጣቴ ሥር ስባ ከሌሎቹ ጋር አዳበለችና ወጣች፤ ድንቢጥም ተከትላት ክፍል ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ ሰዓቷን እያየች እጄን ትጎትታለች። በክፍሉ መስኮት በኩል አየሁ። መምህርቷ ጀርባዋን ለልጆቹ ሰጥታ ረጅሙን የማካፈያ መስመር ሰሌዳው ላይ ታሰምራለች። ሰባ ልጅ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ አብሯት ያሰምራል። ከድንቢጥ በቀር ቀና ብሎ ቁጥሩን የሚያይ አንድም አልነበረም።

«አባዬ፣ ረፈደብኝ!»

«አንቺ ሂጂ» አልኳት። «እኔ ክፍሉ እስኪለቀቅ ጠብቄ ያን ባለስድስት መቶ ልጅ አገኘዋለሁ።»