ለአቀበት የሚሆን ስፕሮኬት

ኦብዱሊያን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው የመካኒኩ የኤራስቶ አንድ ንግግር ነው። ሞተር ብስክሌቷ አቀበት ላይ ለግሞባት ጋራዡ በወሰደችው ቁጥር እጁን በጨርቅ እየጠራረገ፣ "ሞተሩስ ምንም አልሆነ ዶኛ እመቤቴ፤ ጥፋቱ የግራ እጅዎ ነው። ሴት ፍሪሲዮን ጨብጣ ነው የምትነዳው" ይላታል። ጋራዡ በር ላይ የተኮለኮሉት ወንዶችም ይስቃሉ።

እሷ ደግሞ ሥራዋ ከሳን ሲሞን መንደር ሁለት ቅርጫት ዳቦ ጭና ተራራው አናት ላይ ወዳለችው ላ ኩምብሬ መውጣት ነው። የመጨረሻዎቹ አራት የመንገድ ጥምዞች ላይ ስትደርስ ወርዳ ትገፋለች። መንገድ ዳር የበቆሎ አጥሚት የሚጠጡት ሁሉ፣ "ዶኛ፣ ማን ነው ማንን የጫነው?" እያሉ ያሾፉባታል።

ሰኞ ዕለት የላ ኩምብሬዋ ባለሱቅ ካሲልዳ ቁርጡን ነገረቻት።

"ኦብዱሊያ እህቴ፣ ዛሬም ዳቦሽ ዘግይቶ ልጆቹ ባዶ ሆዳቸውን ነው ትምህርት ቤት የገቡት። እስከ ረቡዕ ታግሼሻለሁ። ረቡዕ ደወሉ ሳይደወል ካልደረሽ፣ በካሚዮን ዳቦ እያመጣ የሚሸጠውን ሰውዬ ዳቦ እቀበላለሁ።"

ኦብዱሊያ ከዚህ ዳቦ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቤቷ ገብታ የባቄላውን ድስት ከእሳት አውርዳ ልታስቀምጥ ስትል፣ ዓይኗ ማስቀመጫው ላይ አረፈ። ማስቀመጫው የሞተሯ የመጀመሪያው የኋላ ስፕሮኬት ነው፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ብረት። ኤራስቶ ሲቀይርላት ብረት አይጣልም ብላ ወስዳው ነበር። ጥላሸቱን ፈተገችው። አርባ አምስት የሚል ቁጥር ታትሞበት አየች። ወጥታ ሞተሩ ላይ ያለውን በኖራ ምልክት አድርጋ ጥርስ በጥርስ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት! ደግሞም ጥርሱ አልቆ እንደ መንጠቆ ሾሏል።

ብረቱን ይዛ ሄዳ ኤራስቶ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገችው።

"ይሄን አርባ አምስት አውጥተህ ሠላሳ ስምንት ያስገባህብኝ ማን አዞህ ነው?"

"ዶኛ፣ እዚህ አገር ሁሉም የሚያስገጥመው ሠላሳ ስምንት ነው። ጥርሱ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፤ እሁድ አውራ ጎዳና ላይ የሚቀድመው የለም!"

"እኔን እሁድ ከማን ጋር ስሽቀዳደም አየኸኝ? ዳቦ ነው የምጭነው!"

"ትልቁን ካስገቡ እኮ ጉልበት ቢያገኝም እንደ አህያ ነው የሚሄድልዎ።"

"አህያ አቀበት ይወጣል! ያንተን ነው ስገፋ የኖርኩት።"

በር ላይ ያሉት ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቁት በእሱ ነው። ኤራስቶ ፊቱ ቀላ።

"ሰንሰለቱም እኮ ያጥራል..."

"ሰንሰለቱ እንደሚያጥር ካወቅክ ሠላሳ ስምንቱ አቀበት እንደማይወጣም ታውቅ ነበር። ታዲያ ሦስት ጊዜ ፍሪሲዮን የቀየርክልኝ ለምንድን ነው?"

 ብረቷን ብድግ አድርጋ ወጣች።

ማክሰኞ በጠዋት በአውቶቡስ ከተማ ወረደች። የመለዋወጫው ሻጭ ስፕሮኬት ስትለው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቃት ሠላሳ ስምንት ከመደርደሪያ አወረደላት።

"እሱን ለሯጮቹ አስቀምጥላቸው" አለችው። "ለእኔ ጭነት አርባ አምስቱም አይበቃም፤ አርባ ስምንት ስጠኝ።"

"ለምን ሥራ ነው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነው። ጭነቱንና አቀበቱን ነገረችው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና፣ "እንግዲያው ልክ ነዎት። ግን የፊተኛውን ትንሹን ስፕሮኬትም፣ ረጅም ሰንሰለትም ይውሰዱ። አንዱ አሮጌ ከሆነ ሌላውን ይበላዋል" አላት።

ስትመለስ ሞተሩን እየገፋች ኤራስቶ ጋራዥ በር ፊት ለፊት ወሰደችና ጆንያ አነጠፈች። ኤራስቶ ሲሠራ እንዳየችው የኋላውን ጎማ አወለቀች። ዳዶዎቹ እንዳይላሉ የሚይዟቸውን የታጠፉ ላሜራዎች በመዶሻ አቃንታ ዳዶዎቹን ፈታች፣ አርባ ስምንቱን አሰረች፣ ላሜራዎቹን መልሳ አጠፈች። የፊተኛውንም ቀየረች። አዲሱን ሰንሰለት አልብሳ ሁለት ጣት ያህል እስኪረግብ አስተካከለች።

ኤራስቶ ብቅ አለ። "ዶኛ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል! ወደ ውስጥ ይግቡ፤ እኔ በነፃ እሠራልዎታለሁ።"

"ሰው የሚለውን ስድስት ዓመት ሰማሁ እኮ። ዞር በል፤ ብርሃን ጋረድክብኝ።"

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም ቅርጫት ጢም አድርጋ ሞልታ ተነሳች። ሞተሩ እየጮኸ፣ ሳይቸኩል፣ አንዴም እግሯን መሬት ሳያስነካት አራቱንም ጥምዞች ወጣ። ካሲልዳ ገና ሱቋን እየከፈተች ነበር።

"ደወሉ አልተደወለም እኮ!" አለች።

"አውቃለሁ" አለቻት ኦብዱሊያ፤ ትኩሱን ዳቦ በሁለት እጇ እያቀበለቻት። "የካሚዮኑ ሰውዬ ሲመጣ፣ ዳቦ ተገዝቷል በይው።"